የበልግ ዝናብ መመናመንና የድሬዳዋ የእህል ገበያ

ነጋዴ የሸቀጡን ዋጋ ከጅቡቲ ይጠይቃል፤ የምንዛሪውን ነገር ከባንክ ይሰማል፤ የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች ያጣራል። የዝናብን ጉዳይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለገበሬ የተተወ ነገር አድርጎ ያልፈዋል። ይህ ልማድ በሌላ ከተማ ምናልባት ብዙ አይጎዳ ይሆናል። በድሬዳዋ ግን የዱቤ መዝገብን ባዶ የሚያደርግ ስሕተት ነው።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ምድሯ እህል ስለሚያበቅል አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ፣ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ ቆመ። መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። እንግዲህ ከተማይቱ ከልደቷ ጀምራ ነግዳ የምትበላ እንጂ አርሳ የምትበላ አልነበረችም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአስተዳደሩ ውስጥ 341,834 ሰዎች ተቈጥረዋል፤ ከእነዚህም ከሦስቱ ሁለቱ እጅ የሚኖሩት በከተማው ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ምግቡን የሚያገኘው በሦስት በሮች ነው። አንደኛው በር በደንገጎ ዳገት በኩል ከሐረርጌና ከጨርጨር ደጋ የሚወርደው ማሽላ፣ በቆሎና አትክልት ነው። ሁለተኛው ከቆላው፣ ከኢሳ ከብት አርቢዎች ዘንድ የሚመጣው ፍየል፣ በግ፣ ግመልና ወተት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከባሕር ማዶ በጅቡቲ የሚገባው ስንዴ፣ ሩዝ፣ ማካሮኒና ዘይት ነው። ካለፉት አርባና አምሳ ዓመታት ወዲህ ሦስቱም በሮች በአየር ጠባይና በመሬት ሁኔታ መለወጥ ምክንያት እንደ ቀድሞው አልሆኑም።

ከሁሉ አስቀድሞ የመጀመሪያውን በር መመልከት ይገባል፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ሲሆን በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ደጋው ከዚህ የበለጠ ያገኛል። ይሁን እንጂ በሁለቱም ዘንድ ዝናቡ የሚመጣው በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ነው። ፊተኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው በልግ፣ ኋለኛው ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘንበው ክረምት ነው። የመሀል አገር ሰው በልግን እንደ ትንሽ ዝናብ ይቆጥረዋል። የሐረርጌ ገበሬ ግን እንዲህ ብሎ አይናቀውም። የአገሩ ነባር የማሽላ ዘር፣ እነ ሙይራና እነ ፈንዲሻ፣ ከተዘራ በኋላ ለመድረስ ሰባትና ስምንት ወር የሚፈልግ ነው። በሚያዝያ በበልግ ርጥበት ተዘርቶ፣ ግንቦትና ሰኔን እንደ ምንም ተሻግሮ፣ ክረምቱን ጠጥቶ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። በልግ ከቀረ ማሽላው የሚዘራበት ወር አለፈ ማለት ነው። በሐምሌ የሚመጣው ዝናብ ምንም ያህል የበረታ ቢሆን የጠፋውን ሦስት ወር መልሶ ሊሰጥ አይችልም።

በዚህ ጊዜ ገበሬው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በሦስት ወር ተኩል ወይም በአራት ወር የሚደርስ አጭር ማሽላ፣ ወይም በቆሎ፣ ወይም ስኳር ድንች ይተክላል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ማሳው አረንጓዴ ስለሆነ አዝመራው የተሳካ ይመስለዋል። ነገር ግን በሁለቱ ማሽላዎች መካከል ያለው ልዩነት የፍሬው ብዛት ብቻ አይደለም። ረጅሙ ማሽላ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ አገዳ ያወጣል። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለእሳት ማገዶ፣ ለቤትና ለአጥር ሥራ ይውላል። ደግሞም ገበሬው ዘሩን ሲዘራ ሆነ ብሎ አብዝቶ ይዘራና፣ ቡቃያው ሲያድግ እያሳሳ የነቀለውን ለታሰረ በሬ ይመግበዋል፤ ቀጥሎም ቅጠሉን እየሸለቀ ያበላዋል። በውጭ አገር ገበያ ሳይቀር ስሙ የታወቀው የሐረር ሰንጋ የሚደልበው በዚህ ዓይነት ከደጅ ሳይርቅ ነው። እንግዲህ በልግ ሲጎድል የሚጎድለው ማሽላው ብቻ ሳይሆን ሰንጋውም ነው። ሰንጋው ሲቀር ፍጉ ይቀራል፤ ማገዶ የሌላት ሴትም የቀረውን ፍግ ለኩበት ታውለዋለች፤ ማሳውም ሳይዳበር ይከርማል። ከብት ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ በመጋቢት የቀረ ዝናብ በሚመጣው ዓመት የሰንጋ ዋጋ ላይ እንደሚወጣ ሊያውቅ ይገባዋል።

ማዳበሪያ ያጣ መሬት የሚጠራው ጠላት ደግሞ አቀንጭራ ነው። ይህ ወይን ጠጅ አበባ ያለው ትንሽ አረም ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ተክሎ ምግቡን የሚመጥ ሲሆን፣ የሚበረታውም በደከመ መሬትና በዝናብ እጥረት ጊዜ ነው። በዚህ ረገድ የአካባቢው ሰው ሊኮራበት የሚገባ ነገር አለ። በ1940ዎቹ ማብቂያ በዓለማያ ከተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ፣ ማለት ከዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ሆኖም የተሻሻለ ዘር ፍሬውን ቢያድንም አጭር ዘር ረጅም አገዳ አይሰጥም። ብዙ ገበሬ አዲሱን ዘር ሲያመነታ የሚታየው ድንቁርና ይዞት ሳይሆን የበሬውን መኖ አስቦ ነው።

በልግ ለምን ተመናመነ ቢባል፣ የአየር ጠባይ ሊቃውንት የሚሰጡት ምክንያት ከሕንድ ውቅያኖስ ይጀምራል። በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ እየቀነሰ መምጣቱ በመለኪያ ታውቋል። የሕንድ ውቅያኖስና የምዕራብ ፓስፊክ ውሃ በሞቀ መጠን እርጥበት ያለው አየር በባሕሩ ላይ ወደ ላይ ይወጣና እዚያው ይዘንባል፤ በዚህ በእኛ አቅጣጫ ደግሞ ደረቅ አየር ወደ ታች ይጫናል፤ ደመናም አይቋጠርም። ከዚህም ጋር የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ውስጥ በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ቁጥሩ ሲሰማ አነስተኛ ይመስላል። ነገር ግን ሙቀት ሲጨምር ከመሬትና ከቅጠል ላይ የሚተነው ውሃ ስለሚበዛ፣ ዱሮ ይበቃ የነበረው ዝናብ ዛሬ በሚሊሜትር ሳይቀንስ እንኳ ላይበቃ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው «ዘንቧል እኮ፣ አዝመራው ስለ ምን ከሳ?» እያለ ገበሬውን በስንፍና ይወቅሳል።

በዚህ ላይ በየጥቂት ዓመቱ ኤልኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ባሕር ሙቀት ይደረብበታል፤ እርሱ ደግሞ በተለይ ክረምቱን ያዳክማል። በ2007 ዓ.ም. በምሥራቁና በሰሜን ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ተከትሎ ደከመ። በተከታዩ ዓመት በመላው አገሪቱ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ባለው በሲቲ ዞን፣ ዱሮ ሽንሌ ይባል በነበረው አገር፣ ከብቱ በብዛት አለቀ።

ጥፋቱን ሁሉ በሰማይ ላይ ማላከክ ግን ትክክል አይሆንም። ለዚህ የሐረማያ ሐይቅ በቂ ምስክር ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የተጓዘ ሰው ሁሉ ደንገጎን እንደ ወጣ ሐይቁን ያውቀዋል። የሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከዚህ ውሃ ነው። በዙሪያው ያለው ገበሬም በሞተር እየሳበ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመንና ጫት ያጠጣበት ነበር። አትክልቱም በነጋዴ እጅ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ አገር ይላክ ነበር። በአንድ በኩል ሞተሮቹ በዙ፤ በሌላ በኩል በዙሪያው ያሉት ኰረብቶች ዛፋቸው ተቆርጦ ስለ ተራቈቱ ጎርፉ ደለል እየተሸከመ የሐይቁን ወለል ሞላው። ሙቀቱም ድርሻውን ጨመረ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ሐረርም ውሃ አጥታ በመጨረሻ ከድሬዳዋ ሜዳ፣ ከሐሰሊሶ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች፣ ሽቅብ ወደ ተራራው በቧንቧ እንዲሳብላት ሆነ። ደጋ ከቆላ ውሃ ሲጠጣ ማየት ለአገሩ ሽማግሌ ትልቅ መደነቂያ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ግድም ወዲህ ውሃው ተመልሶ በሐይቁ ቦታ ታይቷል፤ ይህም የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ሞተሮቹም ከውሃው ጋር ተመልሰው እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነጋዴ ብልህ ነው፤ የሽንኩርት ውሉ በዚያ ላይ የቆመ ነውና።

ስለ ጫት መናገር ለንግድ ሰው የሚከብድ ቢሆንም ሳያነሡት ማለፍ አይቻልም። ጫት ድርቅን ከማሽላ ይበልጥ ይታገሣል፤ በመስኖ ከሆነም በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ገንዘቡም በዕለቱ በአወዳይ ገበያ ይቈጠራል። ስለዚህ በልጉ የከዳው ገበሬ የማሽላውን ማሳ ለጫት መልቀቁ በሒሳብ የሚነቀፍ አይደለም። ያም ሆኖ ይህ ገበሬ ከእንግዲህ ወዲህ እህል አምራች ሳይሆን እህል ገዢ ነው። ጫት እንደ ማሽላ በጆንያ ታስሮ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ መንገድ ቢዘጋ ወይም ጠረፉ ቢታገድ በማግሥቱ ጠውልጎ ይጣላል። የዚያን ቀን የእህል መግዣ ገንዘብም አብሮ ይጠወልጋል።

የተራቈተው ኰረብታ በድርቅ ብቻ የሚጎዳ እንዳይመስል፣ የሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት መታሰብ ይኖርበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ በደጋው የዘነበው ኃይለኛ ዝናብ የሚያቆመው ቅጠልና ሥር በማጣቱ በአንድ ጊዜ ወደ ደቻቱ ወረደ። ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው ወንዝ በእንቅልፍ ላይ የነበረውን ሕዝብ ከነቤቱ ወሰደው፤ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። በወንዙ ዳርና በወንዙ አሸዋ ላይ ሱቅ የነበራቸው ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን ከነመዝገቡ አጡ። ድርቅና ጎርፍ ተቃራኒ መስለው ቢታዩም መነሻቸው ብዙ ጊዜ ያው አንድ ኰረብታ ነው። መሬት ዝናቡን መጠጣት ሲያቅተው፣ ዘንቦ ሲያበቃ ምንጩ ይነጥፋል፤ በዘነበበት ሰዓት ደግሞ ወንዙ ይገነፍላል። የከተማው የመጠጥ ውሃ የሚቀዳው ከሳቢያንና ከሌሎችም ጥልቅ ጉድጓዶች ስለ ሆነ፣ በተራራው ላይ የሚሠራ እርከን የገበሬው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሁለተኛው በር፣ የቆላው በር፣ ለነጋዴ የተለየ ትምህርት አለው። ከብት አርቢው ሥጋ እየበላ የሚኖር ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ፍየሉን ሸጦ እህል ይገዛል። የሚጠቅመው የፍየሉ ዋጋ ወይም የማሽላው ዋጋ ለየብቻው ሳይሆን፣ አንድ ፍየል ስንት ማሽላ ይገዛል የሚለው ሚዛን ነው። ድርቅ በመጣ ጊዜ ይህ ሚዛን ከሁለቱም ጫፍ ይሰበራል። ሁሉም የከሳ ፍየሉን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚያወጣ የፍየል ዋጋ ይወድቃል፤ እህል ስለሚጠፋ የማሽላ ዋጋ ይወጣል። ለምሳሌ ትናንት አንድ ፍየል ሸጦ አንድ ኩንታል ያገኝ የነበረ ሰው ዛሬ ለዚያው ኩንታል ሦስት ፍየል ቢጠየቅ፣ ሃምሳ የነበረው መንጋው በእርሱ ሒሳብ አሥራ ሰባት እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ አንድም ሳይሞትበት።

በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሕንዳዊው የኤኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ስለ ድህነትና ረሀብ በጻፉት መጽሐፍ፣ የ1965ቱንና የ1966ቱን ዓ.ም. የኢትዮጵያ ረሀብ ሲመረምሩ ወደዚሁ ፍሬ ነገር ደርሰዋል። በወሎ ረሀቡ በበረታበት ጊዜ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ የተራበው ሰው መግዣ አልነበረውምና ገበያውን ከፍ ሊያደርገው አልቻለም። በሐረርጌ ደግሞ ከብት አርቢውን ከከብቱ ሞት በተጨማሪ የጎዳው የከብቱ ዋጋ በእህል ሲመዘን መውደቁ ነው። ይህ ለነጋዴ ከባድ ነገር ነው፤ ዋጋ ጸጥ ስላለ አገር ደህና ነው ማለት እንደማይቻል ያስተምራልና።

የቆላው ሰው የሚደርስበት ጉዳት በድርቅ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በረሃን ያለመልማል ተብሎ ከውጭ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ በአፋርና በአካባቢው ሰፊ የግጦሽ መሬት ዘግቷል። የተትረፈረፈ ዝናብም የራሱን መከራ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በኤልኒኞ ምክንያት በኬንያና በሶማሊያ የወረደው ብርቱ ዝናብ ትንኝን አብዝቶ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለውን በሽታ አስነሣ፤ ሳውዲ ዓረቢያም በ1998 ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን ከብት አገደች። እገዳው ከተነሣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 በድጋሚ ታውጆ እስከ 2009 ዘልቋል። በድሬዳዋ ሜዳ አንድ በሽተኛ ፍየል ባይኖር እንኳ፣ በሩቅ አገር የዘነበ ዝናብ የፍየሉን ገዢ ከበርበራና ከጅቡቲ ወደብ ሊያስቀር እንደሚችል ላኪዎች በዚያ ዘመን በገንዘባቸው ተምረውታል።

የአንበጣውም ነገር እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት የባሕር አውሎ ነፋሶች ሰው በማይኖርበት የዓረብ በረሃ ላይ ከወትሮው የተለየ ዝናብ አወረዱ፤ አንበጣው በዚያ ተራባና በሁለተኛው ዓመት ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በእኛ አገር ላይ ወደቀ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ አውሮፕላን የአንበጣው መንጋ መስኮቱን ስለ ሸፈነው ማረፍ ተስኖት ወደ አዲስ አበባ ለመዞር ተገዷል።

ሦስተኛው በር የባሕር ማዶው በር ነው። ብዙ ሰው «የአገር ውስጥ እህል ቢጠፋ ከጅቡቲ ይመጣል» ይላል። ይመጣል፤ ነገር ግን መቼና በስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ2010 ሩሲያ በራስዋ ድርቅ ምክንያት ስንዴ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል የዓለም ገበያ ናረ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ለድርቁ የታዘዘው የእርዳታ ስንዴና ለገበሬው የታዘዘው ማዳበሪያ በአንድ ወራት ጅቡቲ ስለ ደረሱ ወደቡ ተጨናነቀ፤ መርከቦች ተራ ጠበቁ፤ የጭነት መኪና ጠፋ፤ የራሱን ሸቀጥ የሚጠብቅ አስመጪም አብሮ ተቀጣ። ድርቅ ሲመጣ አስመጪ የሚያስፈልገው በብዛት ነው፤ መኪናና የወደብ ተራ የሚያጣውም በዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ የበልጉን መቅረት በሰኔ የተረዳ አስመጪ ትእዛዙን በሰኔ ቢልክ፣ የረሀብ ዜና በጋዜጣ ሲወጣ ከሚያዝዘው ሰው አራትና አምስት ወር ይቀድማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መምጣት ይቻላል። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን የሚያከማቸው በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። በቀፊራ እህል የሚሰፍር ሰው ሁሉ የጉድጓድ ማሽላን በሽታው ብቻ ይለየዋል። ጥቂቱ በእርጥበት ቢበላሽም የቀረው ለዓመታት ይቆያል። አዝመራ በሠመረበት ዘመን ደህና ገበሬ የሁለትና የሦስት ዓመት ቀለብ በጉድጓዱ ነበረው፤ አንድ ዓመት በልግ ቢቀር ጉድጓዱን ከፍቶ ይበላል፤ የተረፈውን በጥሩ ዋጋ ይሸጣል። የድሬዳዋ ገበያ ከድንጋጤ ይጠበቅ የነበረው በማንም ነጋዴ መጋዘን ሳይሆን በዚያ በማይታየው ጉድጓድ ነበር። በልግ በተደጋጋሚ ሲጎድልና ማሳው ወደ አጭር ማሽላና ወደ ጫት ሲዞር ግን ጉድጓዱ ባዶ ሆነ። ገበሬው በታኅሣሥ ያጨደውን በጥር ለዕዳ ይሸጣል፤ በግንቦት ከሸጠበት ዋጋ አብልጦ መልሶ ይገዛል። ስለዚህ የአገሩ የመጠባበቂያ እህል ያለው በነጋዴ መጋዘን ነው፤ በዚያም ከሌለ የትም የለም። ይህ ኃላፊነት ለነጋዴ በሕግም በጉባኤም አልተሰጠውም፤ ዝናቡ በመለወጡ ብቻ በትከሻው ላይ ወደቀ።

በዚህ ምክንያት ማከማቸትና መደበቅ መለየት አለባቸው። በጥር እህል ሲረክስ ገዝቶ በሰኔ የሚሸጥ ነጋዴ የባዶውን ጉድጓድ ሥራ ይሠራል፤ ለኪራይ፣ ለነቀዝና ለገንዘቡ መቆየት የሚገባውን ትርፍ ማግኘቱም ነውር አይደለም። በሰኔ እህል እያለው «የለም» ብሎ በር የሚዘጋው ግን ሌላ ነው። የእርሱ ጥፋት ገዢውን ማስራቡ ብቻ አይደለም፤ የቆላው ሰው መንጋውን፣ የደጋው ሰው በሬውን በርካሽ እንዲሸጥ ስለሚያስገድድ፣ በሚመጣው ዓመት ጨርቅና ስኳር የሚገዛውን ደንበኛ ራሱ ያጠፋዋል። የተሰበረ መንጋ በአንድ ጥሩ ክረምት አይመለስም።

የጥበቃውም ዘዴ ሊሻሻል ይገባል። በጆንያ የተቀመጠ ማሽላና በቆሎ ከጥቂት ወራት በኋላ ነቀዝ ይገባዋል፤ መርዝ መርጨትም ለበላተኛው ጤና ያሰጋል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት እህሉ ውስጥ ያለውን ነቀዝ አየር ነሥቶ ስለሚገድለው ያለ መድኃኒት ያስቀምጣል። ዋጋው ከተራ ጆንያ ቢበልጥም በጥንቃቄ ከተያዘ ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል። አይጥ ግን አጥብቆ መከላከል ያስፈልጋል፤ አንድ ቀዳዳ ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋልና።

በዱቤ ረገድ፣ ለደጋ ቸርቻሪ በመጋቢት ጨርቅ፣ ስኳርና ሳሙና ሰጥቶ ሒሳቡን በታኅሣሥ የሚጠብቅ ጅምላ ሻጭ፣ ውሉን ሲጽፍ የሚያዝያን ዝናብ ሳይጠይቅ መጻፍ የለበትም። ማሽላው በሚያዝያ ካልተዘራ ዕዳው በታኅሣሥ አይከፈልም። በዚህ ጊዜ ቸርቻሪውን በፍርድ ቤት ከማሯሯጥ ይልቅ በሰኔ ጠርቶ ዕዳውን በሁለት አዝመራ መከፋፈል ለሁለቱም ይሻላል። ለገጠሩ ሕዝብ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ይሰጥ የነበረው እርዳታም በገበያው ላይ የሚያሳድረው ነገር አለ። ክፍያው በእህል በሆነ ጊዜ በየቀበሌው የእህል ዋጋ ይለዝባል፤ በገንዘብ በሆነ ጊዜ ደግሞ ገዢው ይበዛና ዋጋ ይጠነክራል። የትኛው እንደሚሰጥ ሳያጣራ እህል ወደ ገጠር የሚጭን ነጋዴ የመኪና ኪራዩን እንኳ ላያወጣ ይችላል።

ለዚህ ሁሉ ትልቅ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር ይበቃል። በደብተሩ ላይ በየሳምንቱ በአንድ የገበያ ቀን የመካከለኛ ፍየል ዋጋ፣ የአንድ ኩንታል ማሽላ ዋጋ፣ አንዱ ለሌላው ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር፣ የአንድ ሸክም አገዳ ዋጋ፣ ከደንገጎ ማዶ ዝናብ የወረደበት ቀን ይጻፋል። አገዳ በጥር ከተወደደ ሰንጋ በሰኔ ይወደዳል። ፍየል የሚገዛው ማሽላ በተከታታይ አራት ሳምንት ከቀነሰ ቆላው ተጨንቋል ማለት ነው። ሚያዝያ 20 ቀን ደርሶ ገበሬው ካልዘራ የዓመቱ ረጅም ማሽላ እንደ ሌለ ይቈጠራል። ቁጥሩን የሚጽፈው ሰው በየጊዜው ባይለዋወጥ ይመረጣል፤ አንዱ የሰባ ፍየል፣ ሌላው የከሳ እየጻፈ ሚዛኑን ያፋልሰዋልና። ማስታወሻውም ቢያንስ ለአምስት ዓመት ሳይቋረጥ መያዝ ይኖርበታል፤ የአንድ ዓመት ዋጋን የደላላ ወሬና የበዓል ግዢ ሊያዛባው ይችላል።